በአሮጌ ላንድሮቨር ወደ አንኮበር

ኮተቤ ባለው ግቢያችን፣ ከኮክ ዛፉ ሥር፣ ለ11 ዓመት የቆመች ላንድሮቨር ነበረችን። ባለቤቴ በ1989 ዓ.ም. በጨረታ ገዝቷት ዘጠኝ ዓመት ያህል ነዳት። እሱ ሲያርፍ እሷም እዚያው ቀረች። ጎማዎቿ ተነፈሱ፣ መስተዋቷ ደበዘዘ፣ የኋላ ወንበሯን ዶሮዎች እንቁላል መጣያ አደረጉት። ልጆቼ በመጡ ቁጥር «እማዬ፣ ይቺን ብረት ለቁራሌው ስጪና ግቢሽ ይስፋልሽ» ይሉኛል። ሁለት ጊዜም ቁራሌው ገብቶ ዙሪያዋን አይቶ ዋጋዋን በኪሎ አስልቶ ነግሮኛል።

አልሸጥኳትም። ለልጆቼ የሰጠሁት ምክንያት «የአባታችሁ ንብረት ናት» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ሌላውን ምክንያት ለመናገር ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ይህ የዚያ ጉዞ ታሪክ ነው። ጉዞው የተጀመረው ግን ከዚያው ከኮክ ዛፉ ሥር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ

መስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። 14 ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ አገኘሁት። «እማማ፣ ይቺ መኪና ትነሳለች?» አለኝ። «ትነሳለች» አልኩት። እንዴት እንደምትነሳ ግን አላውቅም ነበር።

በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በላንድሮቨር ሥር የፈጁ አንድ መካኒክ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊመጡልን ተስማማን። በሌላው ቀን እኔና ልጁ እንፈታለን፣ እናጥባለን፣ እንቀባለን፤ ቅዳሜ እሳቸው መጥተው የፈታነውን እያዩ ይቆጡናል። ሁለት ዓመት የፈጀው ሥራ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ።

ወላጆች ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ በእኛ ጊዜ ወደ ገጠር የሚሄድ መኪና ሁሉ «ላንድሮቨር» ነበር ስሙ። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደልብ ስለማይገኝ የውጭ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። አሮጌ ላንድሮቨር ሲያዩት ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነው። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ነው።

የእኛዋ በ1967 ዓ.ም. የተሠራች፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚባለው፣ ባለ ረጅም ሻንሲና ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ላይዋን ላየ ሰው ቀለም ብቻ የጎደላት ትመስል ነበር። መካኒኩ ግን ትንሽ መዶሻ ይዘው ከሥር ገቡና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አደረጉት። ጤነኛው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። «ሲስተር፣ ሐኪም ደረት እንደሚያንኳኳው ነው» አሉኝ ከሥር ሆነው። ልክ ነበሩ። ሁለት ቦታ ድምፁ ታፈነ። ሁለቱም ቦታ ተቆርጦ አዲስ ብረት ተበየደበት።

የልጅ ልጄ ሐሳብ ሌላ ነበር። ባሌስትራው ከፍ እንዲል፣ ትልልቅ ጎማ እንዲገባላት፣ ከፖርቶመጋላው ላይ አራት መብራት እንዲደረደርባት ይፈልጋል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ይህን ሞተር ጥለሽ የቶዮታ ናፍጣ አስገቢበት፤ ትበራለች» ብሎ መከረኝ። መካኒኩ ሁሉንም ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?»

«መጀመሪያ ትቁም» አልኳቸው።

ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ 11 ዓመት ሙሉ ቆማ የለም እንዴ?»

«እሱ መገተር ነው። እኔ የምለው እየሄደች ፍሬን ሲያዝ መቆሟን ነው።»

መካኒኩ ደስ አላቸው። ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ሲያድስ ከቀለም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ሞተር ይሄዳል፤ ፍሬን የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ትልቅ ጎማ መኪናን ከፍ ያደርጋል፣ ለመገልበጥ ያቀርባል፣ በፍሬኑ ላይም ሥራ ይጨምራል። ጉልበተኛ ሞተርም ካሰቡለት በላይ ያስሮጣታል፤ የሚያቆማት ፍሬን ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያው፣ ጎማው በልኩ፣ መብራቱም ሁለት ብቻ ሆነ። ልጁ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ከሃምሳ ሳንቲም የማትበልጥ ጎማ

የላንድሮቨራችን ፍሬን በአራቱም እግሯ ታምቡር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ በየጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፖምፓ ይገፋል፤ ፖምፓዋ ደግሞ ሸራውን ገፍታ ከታምቡሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ዘይቱ እንዳያመልጥ የምትይዘው በፖምፓዋ ውስጥ ያለች ጎሚኒ ናት። ስፋቷ ከሃምሳ ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። እሷ ካረጀች ዘይቱ ያፈሳል፤ ዘይቱ ካፈሰሰ መኪናው አይቆምም።

ጎሚኒዎቹን ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ገዛን። ሻጩ በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ አንዷን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ።

«ምን ሆንሽ እማማ?» አለኝ ልጁ።

«ምንም» አልኩት።

ጎሚኒው ገብቶ አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። መካኒኩ ምክንያቱን ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ ቀድሜያቸው ገባኝ። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ የእግር ጉልበት አየሩን ሲጨምቅ ያልቅና ጎማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። መርፌ ከመውጋቴ በፊት ስንት ጊዜ ሲሪንጁን ወደ ላይ አቁሜ አየሩን ገፍቼ አስወጥቻለሁ! ልጁ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ይረግጣል፤ እኔ ጎማው አጠገብ ቁልፍ ይዤ ማስተንፈሻዋን እከፍታለሁ። «ርገጥ!» «ያዝ!» «ልቀቅ!» አረፋ የሌለው ጥርት ያለ ዘይት እስኪወርድ በአራቱም ጎማ ደጋገምነው። ሲያልቅ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

የእጅ ፍሬኑ ተራ የደረሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ከፊት ወንበር አጠገብ ያለውን ማንሻ ተከትለን ስንሄድ ወደ ጎማ የሚሄድ ገመድም ቱቦም የለውም። መካኒኩ ከሥር ሆነው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለ አንድ ብቸኛ ታምቡር አሳዩኝ።

«ይሄ ከእግር ፍሬኑ ጋር ዝምድና የለውም» አሉ። «ዘይት የሚባል ነገር አያውቅም። ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ነው አንቆ የሚይዘው። የእግር ፍሬኑ አንድ ጠብታ ዘይት ባይኖረው እንኳ ይሄ ይይዛታል።»

እጄ ላይ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጥኩ። «ዳገት ላይም?»

«ዳገት ላይም። የተሠራው ቆማ እንዲይዛት ነው እንጂ እየሮጠች እንድትቆምበት አይደለም። ግን ይይዛታል።»

ያን ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ ቶሎ ገባሁ።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

በቤታችሁ አሮጌ መኪና የምትነካኩ፣ በተለይም ልጆች አብረዋችሁ የሚሠሩ ከሆነ፣ በነርስነቴ ጥቂት ነገር ልበል። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በአፍ ወይም በአየር አትንፉት፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረጉት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በውኃ በራሰ ጨርቅ አንሡት፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ልጆች በዚያ ሰዓት አጠገቡ አይሁኑ።

ክሪክ መኪና ያነሣል እንጂ አይጠብቅም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይደረግበት። በየጋራዡ እንደምናየው እጅን በቤንዚን መታጠብ ቆዳን ያቃጥላል፣ መርዙም በቆዳ ውስጥ ያልፋል፤ ሳሙናና ትንሽ ዘይት ይበቃል። በቆሸሸ ብረት የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን የት እንዳደረሰው በጤና ተቋም ይጠይቅ።

አንድ ነገር ግን በራሴ ውሳኔ ለወጥኩ። የመኪናዋ የኋላ ወንበሮች እንደ ድሮው ግራና ቀኝ ተያይተው የሚቀመጡባቸው፣ ቀበቶ የሌላቸው ነበሩ። በሥራ ዘመኔ ከእንዲህ ዓይነት መኪና ኋላ የወጡ ቁስለኞችን ብዙ ተቀብያለሁ። ከፊት የተቀመጠው ተርፎ ከኋላ ያለው ተወርውሮ ይሰበራል። ወንበሮቹን አስነቅዬ ፊታቸውን ወደ ፊት ያደረጉ ሁለት ወንበሮች ትከሻና ወገብ ከሚይዝ ቀበቶ ጋር አስገባሁ። ቀበቶው የታሰረው በአሉሚኒየሙ ወለል ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በተበየደ ወፍራም ብረት ላይ ነው። ይህን ከማድረጌ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ጠየቅሁ፣ ሲያልቅም አስመረመርኩ። ለሁሉም ያወጣሁትን ገንዘብ ለልጆቼ እስከ ዛሬ በሙሉ አልነገርኳቸውም።

ጉዞው

ጥር 2011 ዓ.ም. የጥምቀት ማግስት በጠዋት ተነሣን። መሪውን የያዘው ልጄ ነው። እኔ ከጎኑ፣ አሁን 16 ዓመት የሆነው የልጅ ልጄና የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ከኋላ በቀበቷቸው። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር አልበለጥንም፤ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች ጥሩንባ እየነፉ አለፉን። ልጄ «እማዬ፣ በዚህ አካሄድ ለፋሲካ እንደርሳለን» እያለ ያሾፋል። ሰንዳፋን አለፍን፤ ሸኖ ላይ ቅቤ ገዛን፤ ጫጫ ስንደርስ ዐፄ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ በዚህ በኩል መሆኗን ለልጆቹ ነገርኳቸው።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የሚራራቁት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ አጥንት ይገባል። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማ መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ የእኔ ትውልድ ደግሞ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ያስታውሳታል። እዚያ አደርንና በማግስቱ ወደ አንኮበር ዞርን።

ይህ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገብስ የታጨደበት ሜዳ፣ በድንጋይ የታጠረ ግቢ፣ በየደጁ እንደ ጎጆ የተከመረ ኩበት፣ ባና ለብሶ በግ የሚጠብቅ ልጅ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም። ከዚያ በድንገት ያልቃል። መሬቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ከፊታችሁ ገደል ይሆናል፤ ከታች ተራራው በተራራ ላይ እየተደራረበ ወርዶ፣ ሩቅ በጭጋግ ውስጥ የአፋር ሜዳ ይታያል። በገደሉ ጫፍ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። የልጅ ልጄ እኅት «እማማ፣ ዓለም እዚህ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

አንኮበር በዚህ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ እስኪሄዱ ድረስ ወደ ሸዋ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የሚያያት እሷን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልክተኛ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የደረሰው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። የጨው ነጋዴውም፣ የቡናው ነጋዴውም፣ መልክተኛውም በበቅሎና በእግር ወጥቷል። የድሮው ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ በዚያን ጊዜ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ ነበር። ልጆቹ እዚያ ሻይ ጠጡ፤ በአንኮበር አካባቢ ካልሆነ ብዙም የማትገኘውን ትንሿን የአንኮበር ወፍ ካላየን ብለው ገደሉን ሲቃኙ ቆዩ።

እኔ የማየው ወደ ታች ነበር።

ቁልቁለቱ

ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆመን የመካኒኩን ትምህርት ፈጸምን። መኪናዋ ቆማ እያለች ባለ ቀይ እጀታውን ማንሻ ወደ ኋላ ጎትተን ከባድ ማርሽ አስገባን፤ አራቱም እግሯ መሳብ ጀመረ። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሰው ታምቡሩን ያግላል። የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ሸራውም መንከስ ይተዋል፤ ፔዳሉ እግር ሥር ይቀራል። በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ግን መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው። ልጄ እግሩን ከሁሉም አንሥቶ መሪውን ብቻ ያዘ፤ ላንድሮቨራችን እያጉረመረመች በሰው እርምጃ ወረደች።

በእያንዳንዱ ጥምዝ አየሩ ይሞቃል። ጽዱና አስታው ቀርቶ ግራር ይመጣል፤ ገብሱ ቀርቶ በእርከን ላይ የተዘራ ማሽላ ይመጣል። ባና የለበሰው ሰው ቀርቶ ሽርጥ የታጠቀ ይመጣል። በዚህ ተዳፋት አማራውና አርጎባው ለዘመናት ጎን ለጎን ኖሯል፤ በአንድ ገበያ ይውላል፣ ለቅሶም ይደራረሳል።

ከዚህ ገደል በታች በወጣትነቴ የሠራሁበት ጤና ጣቢያ አለ። ዛሬ ግቢው ሰፍቷል፣ ክፍሎቹ በዝተዋል፣ የማዋለጃው አልጋ ንጹሕ ነው። ከበሩ አጠገብ አንድ አምቡላንስ ቆሟል። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው፤ ላንድሮቨራችንን ሲያይ እየሳቀ መጣ።

«እናቴ፣ በዚህ ነው የመጣችሁት?»

«በዚህ ነው። ያንተ የፍሬን ሸራ መቼ ነው የታየው?» አልኩት።

ሳቁን አቁሞ አየኝ። «በየወሩ አያለሁ» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ «መለዋወጫ ቶሎ ሲመጣ» አለ።

ከግቢው ውጭ አንዲት አዛውንት አገኘሁና በኅዳር 1972 ዓ.ም. የተወለደች አንዲት ልጅ፣ አያቷ ያሳደገቻት፣ ምን እንደደረሰች ጠየቅኳቸው። አሰቡ አሰቡና «አግብታ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዳለች፤ ወልዳለች ይላሉ» አሉኝ። ልጄ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። «ቆይ» አልኩት።

ዳገቱ

ስንመለስ፣ ከግማሽ መንገድ በላይ ከወጣን በኋላ፣ በአንድ ጠባብ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ጠፋ። በስተግራ ገደል ነው። ልጄ የእግር ፍሬኑን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የልጅ ልጄ ከኋላ ሆኖ «አባዬ፣ እግርህን አንሣና እንየው» አለ። እንዴት እንዳለው አላውቅም፤ እኔም በልቤ ያንኑ እያልኩ ነበር። ልጄ እኔን አየኝ። መጀመሪያ ሁላችንም ወረድን፤ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ከአንድ ስንዝር ርቀት አስቀመጥን። ከዚያ ልጄ ብቻውን ገብቶ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ። ላንድሮቨራችን ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት አለችና ቀጥ ብላ ቆመች። ድንጋዩን አልነካችውም። በዚያ ዳገት ላይ፣ በእጅ ፍሬን ብቻ፣ ያለ አንድ ጠብታ ዘይት እርዳታ ቆመች።

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ለልጆቼ ነገርኳቸው።

ኅዳር 1972 ዓ.ም. 26 ዓመቴ ነበር። አንዲት እናት ማታ ላይ ቤቷ ሴት ልጅ ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። ደም እየፈሰሳት አመጧት። ያለኝን መርፌ ወጋኋት፣ ግሉኮስ ሰቀልኩላት፣ ማኅፀኗን አሸሁላት። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሐኪምና ደም ያስፈልጋት ነበር፤ ሁለቱም ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። የጣቢያው ኃላፊ ለስብሰባ ስለሄደ ወሳኟ እኔ ነበርኩ። ላንድሮቨር ነበረን። ግን ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ የኋላ ፍሬኗ ጎሚኒ ተበላሽቶ አዲሱ ገና አልመጣም። ያቺ ከሃምሳ ሳንቲም የማትበልጠው።

ሾፌራችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። «ሲስተር» አሉኝ፣ «የኋላውን ቱቦ አፍኜ፣ ጎማውን መልሼ፣ በከባድ ማርሽ አወጣታለሁ። ዳገት ነው፤ ፍሬን ብዙ አያስፈልገኝም።» «ፍሬኑ በተበላሸ መኪና ሕመምተኛ አልጭንም» አልኳቸው። «አሳልፎ ለገደል መስጠት ነው» ብዬም ጨመርኩ። እሳቸው ዝም አሉ። ጎረቤቶቿ ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ሾፌሩ ፋኖስ ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ጎህ ሲቀድ፣ ከአፋፉ ሳንደርስ፣ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አወረዱ። እኔ ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳብኩት።

ሾፌሩ አንድም ቀን ስለዚያ ሌሊት አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁባቸውም። ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም።

ለአርባ ዓመት ያህል ራሴን ሳጽናና የኖርኩት «ፍሬን አልነበራትም» በሚል ነው። ትክክል ነበርኩ ሊባል ይችላል፤ መኪናዋ ሰው ሁሉ ጭና ገደል ብትገባ ኖሮስ? ግን ከኮክ ዛፉ ሥር፣ ያን ቅዳሜ፣ ሾፌሩ የሚያውቁትን እኔ እንዳላወቅሁ ተረዳሁ። ሞተሩ ቢጠፋ መኪናዋን የሚይዝ ሌላ ነገር እንዳላት ያውቁ ነበር። እኔ ደግሞ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም። «እንዴት ብለው ይይዟታል?» ብል ኖሮ በሁለት ቃል ይነግሩኝ ነበር። ነርሷ እኔ፣ ሾፌሩ እሳቸው ነበሩ፤ ስለ መኪና ግን እኔ ወሰንኩ።

ልጄ አቀርቅሮ ጠጠር ይነካካል። የልጅ ልጄ ትንሽ ቆይቶ «እማማ፣ ቢነግሩሽስ ኖሮ ትሰሚያቸው ነበር?» አለኝ።

በ26 ዓመቴ፣ ነጭ ጋወን ለብሼ፣ ዲፕሎማዬ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ? «እንጃ ልጄ» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው።

ልጁ ተነሥቶ ድንጋዮቹን ሰበሰበና ሌላ ሰው ጎማ ሥር እንዳይገቡ ከመንገዱ ዳር አስቀመጣቸው። ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ኋላችን ወርዳ የገደሉ ጥላ እስከ አፋር ሜዳ ደርሶ ነበር።

ቤት ስንመለስ

ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ስለ ቁራሌው አያነሡም። ብዙ ወላጆችና አያቶች ለልጆቻችን የምንነግራቸው ያሸነፍንበትን ነው፤ የፈተና ውጤታችንን፣ የሠራነውን ቤት፣ ያሳደግናቸውን ልጆች። ያጠፋነውን ወይም ያላወቅነውን ግን ከእኛ ጋር ወደ መቃብር እንወስደዋለን። የልጅ ልጄ ያን ቀን ከእኔ የተማረው በሁለት ዓመት ቅዳሜ ከተማረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በቅርቡ ከመካኒኩ ጋር ሲከራከር ሰማሁት፤ ልጁ መጨረሻ ላይ «እሺ፣ እንዴት እንደሆነ ያስረዱኝ» አለ። ደጋግሜ የምሰማው ቃል ይህ ቢሆንልኝ ይበቃኛል።

ላንድሮቨራችን አሁንም ከኮክ ዛፉ ሥር ትቆማለች፤ ሩቅ መንገድ የምትሄደው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልጁ ወደ በሩ በሚያወጣው ትንሽ ዳገት ላይ ያቆማትና የእጅ ፍሬኑን ይስባል። እኔ የኋላ ጎማው አጠገብ ድንጋይ ይዤ እቆማለሁ። እግሩን ያነሣል። ትንሽ ሸርተት ትልና ትቆማለች።

«ያዘች» ይለኛል።

«ያዘች» እለዋለሁ።